ለቤቱ አንድ ኮምፒዩተር፦ የትኛውን ዕቃ እንምረጥ?

ለዛሬው ዓምዳችን መነሻ የሆነን ከአንድ አባት የደረሰን ጥያቄ ነው። እኚህ ወንድማችን ዶሮ ማነቂያ ተወልደው ያደጉ፣ በ2016 ዓ.ም. ቤታቸው በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ከተማው ዳር የወጡ ናቸው። የ17 ዓመት ልጃቸው ቀድሞ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ፕሌይስቴሽን ቤት ይጫወት ነበር፤ አሁን ጓደኞቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። «ዕቃውን አንድ በአንድ መርጬ ጌም የሚያጫውት ኮምፒዩተር ልገጣጥም» ይላል። አባት ደግሞ ቤቱ የሚችለው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ መሆኑን፣ እህቱም እንደምትማርበት፣ ከገንዘቡም ግማሹን ከጅዳ የላከችው አክስቱ መሆኗን ይገልጻሉ። ቢቃጠል የሚተካ የለም። ታዲያ ላፕቶፕ ገዝተው ይገላገሉ ወይስ ልጁን ይስሙት?

በእኛ አስተያየት ልጁን ቢሰሙት ይሻላል። በአንድ ዓይነት ገንዘብ የሚገዛ ላፕቶፕ በጉልበት ከተገጣጠመው ያንሳል፤ ግራፊክሱም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ሲበላሽ ነቅሎ መቀየር አይቻልም። የተገጣጠመው ግን አንድ ዕቃ ሲሞት ያንኑ ብቻ ይተካሉ። ለጌም የሚሆን ማሽን ለሥዕል፣ ለቪዲዮ ቅንብርና ለሕንፃ ንድፍ ትምህርትም ያገለግላል። ደካማ ጎኑ መብራት ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው።

የዕቃ ዋጋ ለምን እንዲህ ናረ ለሚሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ይህም እንዳይበቃ በአውሮፓውያን 2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቀለ። ምክንያቱም ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ማቅረብ ስለመረጡ ነው። ስለዚህ መካከለኛ በጀት ያለው ሰው አዲሱን ዲዲአር5 ራም የሚጠይቀውን ትውልድ ትቶ በዲዲአር4 በሚሠራው ላይ ቢያተኩር ያዋጣዋል። ራም አሮጌ ቢገዛም እምብዛም አያሳስብም፤ ብቻ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ፍጥነት ይጨምራል።

በፕሮሰሰር በኩል ልጆች አብዝተው የሚያነሷቸው ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 እና ኢንቴል ኮር አይ5 12400ኤፍ ናቸው። ሁለቱም በ2022 የወጡ፣ ባለ 6 ኮር፣ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ካርዱ ከሌለ ስክሪኑ ባዶ ነው። ገንዘብ ቀስ በቀስ ለሚሰበስብ ቤት እኛ የምንመክረው ራይዘን 5 5600ጂን ነው። በጨዋታ ከወንድሙ ትንሽ ያንሳል፤ ሆኖም ግራፊክስ በውስጡ አለው። ዛሬ ያለ ካርድ ይገጣጠማል፣ እህትየው ትማርበታለች፣ ልጁም ቀለል ያሉ ጌሞችን ይጫወታል፣ ካርዱ ደግሞ ሲገኝ ይጨመራል። ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽም ቤቱ ያለ ኮምፒዩተር አይቀርም።

ካርዱን በተመለከተ ኤኤምዲ አርኤክስ 6600 በ8 ጊጋባይት፣ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ በ12 ጊጋባይት ይገኛሉ። ሁለቱም ለ1080 ስክሪን ይበቃሉ። የመጀመሪያው 132 ዋት ሲበላ ሁለተኛው 170 ዋት ይበላል፤ ለቪዲዮ ቅንብርና ለንድፍ ሥራ ግን ኤንቪዲያው ይመረጣል። አሮጌ ከሆነ ታሪኩን ጠይቁ። እስከ መስከረም 2022 (በአውሮፓውያን) ድረስ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይመረት ስለነበር፣ ያ ሲቆም ሌት ተቀን የሠሩ ካርዶች በየአገሩ ገበያ ላይ ፈሰሱ። ካርዱ በዚህ ብቻ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ማራገቢያውና የሙቀት ቅባቱ ግን ማርጀቱ አይቀርም። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም አስከፍታችሁ ድምፁንና ሙቀቱን ተከታተሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ስሙ የተቀየረ ካርድ ነው፦ የጥንት ካርድ ሆኖ ሳለ ሶፍትዌሩ ተነካክቶ «1050 ቲአይ ነኝ» ይላል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ዓይነቱን ማጭበርበር ብዙ ጊዜ ያጋልጣል። ሻጩ ይህን አላስከፍትም ካለ ሰላም ብላችሁ ውጡ።

ርካሽ መንገድ የሚፈልግም አለ፤ ይኸውም ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ገዝቶ ካርድ መጨመር ነው። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ነው፤ መሰኪያውም የዴል የራሱ ስለሆነ ተራው አይገጥምለትም። ስለዚህ ከቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ፣ ለምሳሌ ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራውን ጂቲኤክስ 1650 መምረጥ ግድ ይላል። ኬዙ ቀጭን ከሆነም አጭር ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ አይገባም፤ ሳይለኩ መግዛት የለም።

አሁን ልጆች ስለማይወዱት ዕቃ እንነጋገር፤ ፓወር ሰፕላይ ማለታችን ነው። አያበራ፣ አያፈጥን፣ ለጓደኛ አይታይ! አባት የፈሩትን ቃጠሎ የሚያመጣውም የሚከላከለውም ግን እሱ ነው። መብራት በሚዋዥቅበት አገራችን ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል፣ የታወቀ ስም ያለው፣ የ80 ፕላስ ምልክት ያለበት 550 ዋት ይበቃል። «500 ዋት» ተብሎ የተለጠፈበት፣ በእጅ ሲያዝ እንደ ባዶ ካርቶን የሚቀልል ዕቃ ግን ይቅርባችሁ። ከጀርባው ቀይ ማብሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ በ115 ላይ እንዳለ የእኛን 220 ካገኘ ይፈነዳል። አሮጌ የማይገዛ ዕቃ ቢኖር ይኸው ነው። ገንዘብ ካነሰ ከካርዱ ላይ ይቀነስ እንጂ ከዚህ አይቀነስ።

ዩፒኤስም አስፈላጊ ነው። 650 ቪኤ የሚባለው በተግባር 360 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት እንጂ ጨዋታ ለመጨረስ አይደለም። ለዊንዶውስና ለጌም ኤስኤስዲ ግዙ፤ ለፎቶና ለቪዲዮ ማከማቻ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ይበቃል። ኬዙ ፊቱ መስታወት ከሚሆን አየር የሚያስገባ ወንፊት ቢሆን ይመረጣል፤ አዲስ ሰፈር ደግሞ የግንባታ አቧራ አይጠፋውምና ወንፊቱን በየወሩ ማራገፍ የልጁ ድርሻ ይሁን። ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥም አቧራውን በብዙ ይቀንሰዋል።