ናፍጣውን ሹፌሩ ጠጣው ወይስ ተራራው?

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለችው የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቄ በር ላይ ሹፌሮች ሲሰበሰቡ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ «ተርቦ ፒክአፕ ናፍጣ ትጠጣለች፤ የድሮዋ ሃይሉክስ ትሻል ነበር» ይላል። ሌላው «ኧረ ተወኝ! እኔ በሊትር 12 እየነዳኋት ነው» ብሎ ይምላል። ሁለቱም አይዋሹም። የሚዋሸው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ወረቀት ነው። ለአንዲት መኪና አንድ ቁጥር ሰጥቶ፣ ፎገራ ሜዳ ላይም ሊማሊሞ ላይም፣ ባዶዋንም ተጭናም በዚያው ቁጥር ትሂድ ይላል። የነዳጅ ኖርም ይሉታል።

እኔ ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ። የጉልምስና ዘመኔን መሪ ይዤ በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ስመላለስ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ደግሞ ስምሪት ክፍል ተቀምጬ የጉዞ መዝገብ ስመረምርና የናፍጣ ኩፖን ስፈርም ኖሬያለሁ። ሹፌር እንዴት እንደሚሰርቅም፣ ሒሳብ ክፍል እንዴት እንደሚበድልም አውቃለሁ ብል ጉራ አይሆንብኝም።

ባለፈው በጋ አንድ ወጣት ሹፌር ደብዳቤ ይዞ ሱቄ መጣ። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስሙ ይቅር። ደብዳቤው መኪናዋ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር መሄድ ሲገባት 7 ብቻ ስለሄደች የልዩነቱ ዋጋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ይገልጻል። በቃል ደግሞ «ናፍጣውን የት አደረስከው?» ተብሏል። ልጁ የተናደደው ከገንዘቡ ይልቅ በዚህችኛዋ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ መኪናዋን ይዩልኝ» አለኝ።

ኮፈኑን ከፈትን። የአየር ፊልትሮውን ሳወጣው እጥፋቶቹ መካከል የደባርቅ መንገድ አቧራ ተጋግሮ ብርሃን አያሳልፍም፤ መሬት ላይ መታ መታ ባደርገው ጫማዬን አለበሰው። ልጁን ሞተር አስነሥቶ ነዳጅ እንዲሰጥ አዘዝኩትና ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር በምትወስደው የጎማ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ እጄን ዘረጋሁ። ቀጭን ነፋስ መዳፌን ነካው። መጋጠሚያው ዙሪያም ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ ጠቁሯል። ተርቦው ለፍቶ የጨመቀው አየር ሞተር ሳይደርስ በዚያ ይወጣል ማለት ነው። አየር ያነሰው ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ሹፌሩ ጉልበቱን ፍለጋ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ናፍጣው ይሄዳል። ቀና ስል ደግሞ ጎማዎቹን አየሁ። ፋብሪካው ከገጠመላት የሚተልቁ ናቸው፤ ለኮረኮንች ይሻላሉ ተብሎ የተቀየሩ። ጎማ በ5 በመቶ ሲተልቅ መኪናዋ 100 ኪሎ ሜትር ሄዳ መቁጠሪያው 95 ብቻ ይመዘግባል። የጎደሉትን ኪሎ ሜትሮች ልጁ ነድቷቸዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን የሉም።

የሄደበትስ የት ነው? ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሒትን ማለፊያ ተሻግሮ፣ ጃናሞራ መካነ ብርሃን። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ የጠጠር መንገድ ነው፤ ኋላዋ ላይ ዕቃ፣ ዕቃው ላይ ሰው። በዚያ መንገድ በሊትር 7 ከሄደች ልጁ ሊመሰገን ይገባው ነበር።

ለመሆኑ እነዚህ ቢሮ ውስጥ የሚጻፉ ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ? አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ ወረቀት ይወሰድና «ለጥንቃቄ» ጥቂት ይቀነስለታል። ባለ 2.4 ሊትር ተርቦ ሃይሉክስ በ2016 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ገበያ ስትገባ ወረቀቷ የሚለው ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ገደማ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር በሊትር 14 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ያ ቁጥር የተገኘው መኪናዋ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ቆማ ነው። ፈተናው 11 ኪሎ ሜትር፣ 20 ደቂቃ ገደማ፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ዳገት የለው፣ ጠጠር የለው፣ ከኋላ የተጫነ የጤፍ ጆንያ የለው። አውሮፓውያኑ ራሳቸው ፈተናው ከመንገዱ ጋር እንደማይገጥም አይተው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሌላ መተካት ጀመሩ። እኛ ጋ ግን ያ ቁጥር አሁንም የሰው ደመወዝ ያስቆርጣል።

ወደ ሱቁ በር ክርክር ልመለስ። ተርቦ ለደጋ አገር የተሠራ ነው ብዬ የምከራከረው ከአየሩ ተነሥቼ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል፤ ደባርቅ ላይ ከሩብ በላይ፣ ጨነቅ ላይ ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ በላይ። ተርቦ የሌላት ባለ 3 ሊትሯ የድሮዋ ሃይሉክስ፣ ያቺ 5ኤል የምንላት፣ ኮሶዬን ስትወጣ ጥቁር ጭስ የምትለቀው በዚህ ነው። ፖምፓው ቆላ ላይ እንደለመደው ናፍጣውን ይልካል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። ጭሱ ሳይቃጠል የቀረ የእናንተው ገንዘብ ነው።

ተርቦ የቀጥቃጭን ወናፍ ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ ወናፉን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ የሚያስወጣው ጭስ መሆኑ ነው። ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. አስመዝግቦታል። ተራራ ላይ የተፈተነበት ታሪክ ደግሞ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። በ1918 እ.ኤ.አ. ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ፓይክስ ፒክ የተባለው ተራራ ላይ ወጣ፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ፣ ከቧሒት ማለፊያ ብዙም የማይርቅ። ቆላ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ተርቦውን ሲገጥሙለት 350ውን መልሶ አገኘ።

መልሶ አገኘ ያልኩት ጉልበቱን ነው። ሱቄ በር ላይ የሚምሉት ሰዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፤ ተርቦ ከፍታ የነጠቀውን ጉልበት ይመልሳል እንጂ ዳገትን ሜዳ አያደርግም። ሁለት ቶን ተኩል የምትመዝን የተጫነች ፒክአፕ 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት፣ ለመንገዱ ከሚያስፈልገው ሌላ፣ ለከፍታው ብቻ 2 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይፈጃል። ከዛሪማ ተነሥቶ ሊማሊሞን ደባርቅ ድረስ የሚወጣ ሹፌር ከ1,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ ገና ስለ ርቀቱ ሳናወራ 3 ሊትር ሄዷል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መንገዱን ገደሉ ላይ ሲያጠማዝዙት ካሚዮኖቻቸውም ከዚህ ሕግ አላመለጡም።

ቁልቁለቱ ይመልሰዋል የሚል ካለ አይመልሰውም። የአሁኖቹ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ናፍጣውን ጭራሽ ይዘጋሉ፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት የሚለቅ ሹፌር ግን ቆጠብኩ እያለ ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ያጠጣል፤ ፍሬኑንም ያቃጥላል። ሊማሊሞ ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ስለ ናፍጣ ሳይሆን ስለ ነፍሱ ቢያስብ ይሻለዋል።

ያው መኪና ወደ ባሕር ዳር ስትዞር ሌላ መኪና ትሆናለች። አዲስ ዘመንን አልፋ ፎገራ ሜዳ ላይ ስትደርስ በ80 ከተነዳች በሊትር 12፣ 13 መሄዷ የተለመደ ነው። ከፍታው እዚያ ላይ እንዲያውም ይጠቅማል፤ አየሩ ሳስ ስላለ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚገፋት ነፋስ ይቀንሳል። ተርቦው የሞተሩን ድርሻ እያሟላ መንገዱ ቀለለላት ማለት ነው። ሹፌሩ 120 ሲያስገባት ግን ይህ ትርፍ ይጠፋል፤ ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ካለ ደግሞ ይብሳል። መተማ የሚሄዱት ሹፌሮች ጉራ ሌላ ነው። ጎንደር ሞልተው ይወርዱና መተማ ደርሰው «በሊትር 14!» ይላሉ። ሲመለሱ ያንን ሁሉ ቁልቁለት እየወጡ፣ የቆላውን ሙቀት ሽሽት ኤሲ ከፍተው ስንት እንደሄደች ጠይቋቸው፤ ወሬ ይቀይራሉ። ከተማ ውስጥማ ባይነሣ ይሻላል። ከአራዳ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ፣ በባጃጅ መካከል ቆም ሄድ እያለች በሊትር 8 ከሄደች ጥሩ ነው።

እግርም አለ። በድሮዋ ሃይሉክስ ያደግን ሹፌሮች ዳገት ስናይ ማርሽ ቀንሰን ሞተሩን ማስጮህ ልማዳችን ነው፤ ያቺ ካልጮኸች አትወጣም ነበር። አዲሷ ተርቦ ዋና ጉልበቷን የምትሰጠው ሞተሩ በደቂቃ ከ1,600 እስከ 2,000 ዙር ሲዞር ነው። ከዚያ በላይ ማስጮህ ድምፅ መግዛት ነው። ሳትንቀሳቀስ የሚነደውም አይናቅ። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይፈጃል፤ ደባርቅ ላይ ስብሰባ እስኪያልቅ አለቃው «አታጥፋው፣ ብርድ ነው» ያለው ሹፌር ይህን የት ይጻፈው? መዝገቡ ላይ ለአለቃ ብርድ የተመደበ ዓምድ የለም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የናፍጣ ዋጋ የሚያስቀልድ ስላልሆነ ነው። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ናፍጣ አዲስ አበባ ላይ በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ገባ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነ፤ ከዚያም መቶውን ተሻገረ። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር ለምትሄድ ፒክአፕ በሊትር 10 እና በሊትር 8 መካከል ያለው ልዩነት 50 ሊትር ነው፤ በሊትር 100 ብር እንኳ ቢታሰብ 5,000 ብር። ያን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ከሆነ በጀት ይጎዳል፤ ሹፌሩ ከሆነ የልጆች ምሳ ይጎዳል።

ማደያው ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ከታሪፉ በላይ መወደዱ ብቻ አይደለም፤ ነጭ ጋዝ ይቀየጥበታል፣ ውኃ ይገባበታል። የድሮው ፖምፓ ይህን እያጉረመረመም ቢሆን ይችለዋል። የአዲሶቹ ተርቦዎች ኖዝል ግን በጣም ረቂቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበላሸ መርጨቱን ትቶ ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ መኪናዋም ያለ ልክ መጠጣት ትጀምራለች። ሹፌሩ እንደገና ሌባ ይባላል።

ሌባ የለም አላልኩም። ስምሪት ላይ ሳለሁ በጎማ ቱቦ ናፍጣ ሲሳብም፣ ያልተሄደ መንገድ ሲመዘገብም ይዣለሁ። ነገር ግን አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ኖርም ሌባውን ነው የሚጠቅመው። ባሕር ዳር ሲመላለስ የሚከርም ሹፌር ኖርሙ 10 ከሆነ በሊትር 12 ይነዳና ትርፉን በሰላም ይሸጣል፤ ማንም አይጠይቀውም። ጃናሞራ የሚወጣው ምስኪን ደግሞ ያልሰረቀውን ይከፍላል። ስለዚህ ጥብቅ ቁጥጥር የሚፈልግ ኃላፊ ካለ ከእኔ ጋር ሊስማማ ይገባል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ናፍጣውን እስከ አፉ ሞልቶ መነሣት፣ ደርሶ መመለስ፣ እዚያው ማደያ እዚያው ቧንቧ ላይ እንደገና እስከ አፉ መሙላት፣ የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል። ይህን በየመስመሩ፣ በተለያዩ ሹፌሮች፣ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አብሮ ተቀምጦ መደጋገም። ከዚያ በፊት ፊልትሮውን፣ ቱቦውንና የጎማውን ልክ ማየት። የተገኘውንም «ጎንደር–ባሕር ዳር ይህን ያህል፣ ጎንደር–ደባርቅ ይህን ያህል፣ ደባርቅ–መካነ ብርሃን ይህን ያህል» ብሎ ለየብቻው መጻፍ። ጠጠርና ክረምት ሲሆን ሌላ፣ ጭነት ሲኖር ሌላ።

የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ሆይ፣ አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ስብሰባችሁን ሰርዙና ከሹፌራችሁ ጎን ጋቢና ተቀምጣችሁ ቧሒትን ውጡ፤ የናፍጣውን ሒሳብ እዚያው አብራችሁት ሥሩ። እስከዚያ ድረስ የተጻፉትን የደመወዝ ቅጣት ደብዳቤዎች አግዱ።