መብራቱ የሚቆጥረው በማን እርምጃ ነው?

የትራፊክ መብራት ለእግረኛ የሚሰጠው መሻገሪያ ጊዜ በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም፤ የመንገዱ ስፋት በእግረኛው ፍጥነት ተካፍሎ ይገኛል። ታዲያ በማን ፍጥነት? መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን የያዙት በሴኮንድ 1.2 ሜትር ነውና፣ 24 ሜትር መንገድ በ20 ሴኮንድ ይታለፋል ማለት ነው። ይህ ከመጽሐፍ በቀር ለማንሸከመው ለእኛ ለወጣቶቹ ይተርፋል። በሴኮንድ 0.8 ሜትር ለሚራመዱት እናት ግን 20ው ሴኮንድ ሲያልቅ ገና 8 ሜትር ይቀራቸዋል፤ መኪናው ተለቋል። አሜሪካኖች እንኳ፣ የመኪና አገር ሆነው ሳለ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ፍጥነቱን ወደ 1.07 ሜትር ዝቅ አድርገውታል። እግረኛው ከባለመኪናው እጅግ በሚበዛባት በአዲስ አበባ ከዚያም ዝቅ ይበል እንላለን። የመኪናው ሰልፍ ይረዝማል የሚል ይኖራል። ይርዘም! ባለመኪናው የሚጠብቀው ተቀምጦ ነው። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ቆሞ መሆኑን አንክድም፤ እርሱም ቢሆን ሲወርድ እግረኛ ነው።