በማኅፀን ስላለ ሕፃን አንጎል

ልጅ ከመወለዱ አስቀድሞ ስለ ገንፎውና ስለ ክርስትናው ድግስ የማያስብ ቤት የለም፤ ስለ አንጎሉ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሊቃውንት መርምረው ያገኙትን ነገር በዛሬው ገጻችን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

የሰው አካል እጅግ ረቂቅ በሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋሳቱም ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ፤ እነርሱም ከምግብ የተገኘውን በኦክሲጅን አማካይነት ወደ ኃይል ይለውጡታል። ሕፃኑ ይህን ምድጃ የሚወርሰው ከእናቱ ነው። በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስምና፥ ኦክሲጅኑም ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ይደርሰዋል።

ምጥ ያለ ልክ ሲረዝም፥ እትብት ሲጨመቅ ወይም የእናቲቱ ደም በብዛት ሲፈስ ያ መንገድ ሊጠብ ይችላል። ያን ጊዜ ምድጃው ይዳከማል፤ ብዙ ኃይል የሚፈልገው አንጎልም ይጎዳል። የሚያሳዝነው ግን ሕፃኑ ተወልዶ ትንፋሹ ከተመለሰ በኋላም ጉዳቱ ላይቆም መቻሉ ነው። ለጥቂት ሰዓት ያገገመ የመሰለው ሚቶኮንድሪያ ካልሲየም በዝቶበት እንደ ገና ይወድቃል፤ ሕዋሱም በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይሞታል።

በሀብታም አገሮች እንዲህ ያለውን ሕፃን በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ጀምረው ለ72 ሰዓት ሰውነቱን ያቀዘቅዙታል። ነገር ግን በሕንድ፥ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ተደርጎ በ2013 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ ማቀዝቀዙ በዚያ ሞትን እንዳበዛ አሳይቷል። እንግዲህ ለእኛ ዋናው መድኃኒት አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት፤ ሆኖም ከሰሜን ተራሮች ገደል ማዶ ላለች ወላድ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «ማርያም፥ ማርያም» ማለቱ መልካም ነው፤ ቃሬዛውን ማዘግየቱ ግን መልካም አይደለም። መንደሯ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሳይደርስ በጤና ጣቢያ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ትግባ። ብረት ለዚያ ምድጃ ያስፈልገዋልና፥ የታዘዘላትን የብረት ኪኒን አታቋርጥ፤ ቡናዋንም ከኪኒኑና ከምግቡ ሰዓት ታርቀው። የልጁ እንቅስቃሴ ቢቀንስባት ሳታድር ትመርመር።

አባወራውም ወጪውን አይሰስት፤ ሹሙም የመንገዱን ነገር ቸል አይበል። የምድጃ እሳት ከጠፋ በኋላ ከማዘን ሳይጠፋ መጠበቅ ይሻላልና።