መሣሪያው ቢያረጅ ውሉ አያረጅም

ኮምፒዩተር ሶፍትዌር ከሌለው ከብረትና ከሽቦ በቀር ሌላ ነገር አይደለም። ብረቱን አንድ ኩባንያ፥ ሶፍትዌሩን ደግሞ ሌላ ኩባንያ የሚሠራው በሆነ ጊዜ የገዢው ሥራ በሁለቱ ስምምነት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ታዲያ ሶፍትዌር ሠሪው «ከእንግዲህ ወዲህ ለዚህ መሣሪያ አልሠራም» ያለ እንደ ሆነ መብቱ ነውን ወይስ በደል? በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ በኦራክልና በሒውሌት ፓካርድ (ኤች ፒ) መካከል ከአሥር ዓመት በላይ የቆየው ክርክር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት ስለሚሰጥ ዛሬ ባጭሩ ልንመረምረው ወደድን። የክርክሩን ዓመቶች የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤች ፒ ለከባድ ሥራ የሚሸጣቸው ሰርቨሮች የሚሠሩት ኢታኒየም በተባለ ፕሮሰሰር ነበር። ይህንንም ፕሮሰሰር ከኢንቴል ጋር ሆኖ ማዘጋጀት የጀመረው በ1994 ሲሆን፥ ለገበያ የወጣው በ2001 ነው። ከደንበኞቹም ብዙዎቹ በነዚህ ሰርቨሮች የሚያሠሩት የኦራክልን ዳታቤዝ ስለ ነበረ ሁለቱ ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ ተስማምተው ኖሩ። ይሁን እንጂ ኦራክል በ2010 መጀመሪያ ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለውን ሰርቨር ሠሪ ስለ ገዛ የትናንቱ ባልንጀራ የዛሬ ተወዳዳሪ ሆነ።

በዚያው ዓመት የኤች ፒ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሚስተር ማርክ ኸርድ ሥራቸውን ቢለቁ ኦራክል ወዲያው ቀጠራቸው። ኤች ፒም የንግድ ምሥጢሬ ለተወዳዳሪዬ ይገለጣል ብሎ ከሰሰ። ነገሩ በሴፕቴምበር 2010 በዕርቅ ሲያልቅ፥ ኦራክል ሶፍትዌሮቹን በኤች ፒ መሣሪያዎች ላይ ማቅረቡን ከሚስተር ኸርድ መቀጠር በፊት እንደ ነበረው እንዲቀጥል የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ገባ። የኋላው ሙግት ሁሉ የመነጨው ከዚህ አጭር ቃል ነው።

ስድስት ወር ብቻ ቈይቶ በማርች 2011 ኦራክል ለኢታኒየም አዲስ ሶፍትዌር መሥራቱን ማቆሙን አስታወቀ። ምክንያቱም ኢታኒየም ወደ ፍጻሜው ቀርቧል የሚል ነበር። ኢንቴል ይህን አስተባበለ፤ ኤች ፒም በጁን ክሱን አቀረበ።

እውነቱን ለመናገር፥ የኦራክል ምክንያት መሠረት የሌለው አልነበረም። ሬድ ሃት በ2009፥ ማይክሮሶፍትም በ2010 ለኢታኒየም መሥራታቸውን እንደሚያቆሙ አስታውቀው ነበር። ከዚህም በላይ ኢንቴል ፕሮሰሰሩን መሥራቱን እንዲቀጥል ኤች ፒ 690 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሊከፍለው መስማማቱ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ተገለጠ። ዳኛው ጄምስ ክላይንበርግ ግን በኦገስት 2012 በሰጡት ፍርድ የዕርቁ ቃል የሚያስገድድ ውል ስለ ሆነ፥ ኤች ፒ ሰርቨሮቹን መሸጥ እስኪያቆም ድረስ ኦራክል ያለ ክፍያ ሶፍትዌሩን እንዲያቀርብ ወሰኑ። በ2016 የሕዝብ ዳኞች 3 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። በ2021 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን ስላጸና ኦራክል ከነወለዱ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፈለ። ጉዳዩ በ2022 ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢቀርብም ፍርድ ቤቱ ሳይቀበለው ቀረ።

የሚያስገርመው ነገር፥ ኢንቴል የመጨረሻዎቹን ኢታኒየሞች የላከው በዚያው በ2021 መሆኑ ነው። ኦራክል ስለ መሣሪያው ዕድሜ የተናገረው በመጨረሻ ደረሰ፤ ከዕዳው ግን አላዳነውም። የመሣሪያውን ዕድሜ መገመት የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ የተፈረመውን ቃል መፈጸም ግን የሕግ ግዴታ ነው። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ የቃልን ክብደት መናገራቸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1731 በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን ይደነግጋል።

ነገር ግን በዚህ ሙግት ያልተሰማ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ገዢው ነው። ካሣው የተፈረደው ኤች ፒ ላጣው ትርፍ ስለ ነበረ፥ ገንዘቡን እኩል የተካፈሉት ከኤች ፒ መከፈል በኋላ የቆሙት ሁለቱ ኩባንያዎች ናቸው። የኦራክልን ማስታወቂያ ሰምቶ መሣሪያውን ልለውጥ ወይስ ልቈይ እያለ ሲጨነቅ ለከረመው ደንበኛ ግን ከዚህ ካሣ የደረሰው የለም። ውሉ የሁለቱ ነበርና።

በርግጥ፥ ሶፍትዌር ሠሪ ላረጀ መሣሪያ ለዘለዓለም ይሥራ ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ከሆነ ለአዲስ ሥራ ጊዜም ገንዘብም አይተርፍለትም። የምንለው፥ ድጋፉ የሚቆይበት ዘመን አስቀድሞ ይታወቅ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የግዢ ውል የምትፈርሙ ወጣቶች ዋጋውን ብቻ አትመርምሩ። ሶፍትዌሩ ስንት ዓመት ይታደሳል? ሠሪው ቢያቆም ከስንት ወር በፊት ያስታውቃል? መዝገባችንን ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያዛውርልን ማን ነው? ወጪውስ የማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በውሉ ላይ አስጽፉ። ኤች ፒን የጠቀመው በጽሑፍ የያዘው ያ አንድ ቃል ነው። ደንበኞቹ ግን እንዲህ ያለ ቃል በእጃቸው አልነበረም።