እጥበት ሁሉ በማሽን ነው ያለው ማነው?

የኩላሊት እጥበት ሲባል ለምን ማሽኑ ብቻ እንደሚታየን አይገባኝም። ከካራቆሬ አዲስ አበባ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 4 ሰዓት ያህል ማሽን ላይ የሚተኛ ገበሬ ማሳውን ጥሎ፣ ከብቱን ሸጦ ከተማ ቤት ይከራይ ማለት ነው። ልቡም የደከመ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ ማሽኑ የሁለት ቀን ፈሳሽ በ4 ሰዓት ሲመጥበት የደም ግፊቱ ይወርዳል።

በሆድ በኩል የሚደረግ እጥበትም አለ እኮ! በቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ሰዓታት ይቆያል፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። በቀን 4 ጊዜ ያህል፣ እቤት፣ ያለ መብራት። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ለደካማ ልብ ይራራል። በሀብታም አገር የልብ ፓምፕ ለተተከለላቸው ሰዎች እንኳ ኩላሊታቸው ሲደክም ይህንኑ የሚመርጡ ሐኪሞች አሉ።

"ገጠር ንጽሕና የት አለና? ሆዱ ያመረቅዛል" ይሉኛል። ኢንፌክሽኑ ያሰጋል፣ አልክድም። ታይላንድ ግን በ2008 እ.ኤ.አ. የመንግሥት መድን ላላቸው ድሆቿ በዚሁ ነው የጀመረችው፤ የገጠሩን ሰው እያሠለጠነች። የይፋት ሰው እጁን ታጥቦ ቱቦ መቀጠል ያቅተዋል? ፈሳሹ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ውድ ነው፤ እሺ። የማሽኑ ማጣሪያስ ሸዋ ሮቢት ነው የሚመረተው?