ግድቡ አልቋል፤ ጉርብትናውስ?

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደጋው ያልቅና ቁልቁለቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ማዶ ጎጃም ነው። የከተማዋ ስም የሰላም ቦታ ማለት ነው። በዚህ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የሚጥለው ዝናብ በሽሎንና ወለቃን በመሳሰሉ ገባሮች በኩል ዓባይ ገብቶ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይደርሳል። የዓባይ ጉዳይ የካይሮና የአዲስ አበባ ዲፕሎማቶች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ እዚህ ደጋ ላይ ቆሞ ደግሞ ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። “ይገነባል ወይስ አይገነባም?” የሚለው ክርክር በዚህ ተዘጋ። ከዚህ በኋላ የሚጠብቀን ጥያቄ ከጎረቤቶቻችን ጋር እንዴት እንኑር የሚለው ነው። ይህንን ፈተና ከእኛ በፊት የተፈተኑ አገሮች ስላሉ ወደ መካከለኛው እስያ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

በሶቪየት ዘመን ኪርጊዝስታን ከቶክቶጉል ግድብ በበጋ ለታችኞቹ የጥጥ እርሻዎች ውኃ ትለቅ ነበር። ኡዝቤኪስታንና ካዛክስታን ደግሞ በክረምቱ ብርድ ጋዝና ከሰል ይልኩላት ነበር። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈርስ ይህ ልውውጥ ተናጋ። አምስቱ አገሮች በዓመቱ አልማቲ ላይ የውኃ ስምምነት ቢፈራረሙም፣ ነዳጅ ያጣችው ኪርጊዝስታን መብራት ለማመንጨት ውኃውን በክረምት መልቀቅ ጀመረች። ታች ያሉት በክረምት በጎርፍ፣ በበጋ በጥማት ተቸገሩ። ታጂኪስታን የሮጉንን ግድብ ልሥራ ስትል የኡዝቤኪስታኑ ፕሬዚዳንት እስላም ካሪሞቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ጉዳዩ ጦርነት ሊያመጣ እንደሚችል አስጠነቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በኪርጊዝስታንና በታጂኪስታን ድንበር ላይ በአንድ የውኃ ማከፋፈያ ጣቢያ የተነሳ ጠብ ወደ ተኩስ ተቀየረ፤ በዓመቱ የባሰ ውጊያ ተከተለ።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ካሪሞቭን እ.ኤ.አ. በ2016 የተኩት ሻቭካት ሚርዚዮዬቭ ግድብ ከመቃወም ይልቅ የግድቡ ተካፋይ መሆንን መረጡ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ኪርጊዝስታን፣ ኡዝቤኪስታንና ካዛክስታን የካምባራታ አንድ ግድብን በጋራ ለመሥራት ተስማሙ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ኪርጊዝስታንና ታጂኪስታን ድንበራቸውን ወስነው ተፈራረሙ። ወንዞቹም ተራሮቹም እዚያው ናቸው። የተለወጠው የመሪዎቹ ስሌት ነው።

የእኛ ጉዳይ ከእነሱ እንደሚለይ አልክድም። ግብፅ አትዋሰነንም፤ እ.ኤ.አ. የ1959ኙን ስምምነት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ድርሻም እንደ መብቷ ትቆጥራለች። ኢትዮጵያ ያልፈረመችበት ውል ግን አያስራትም። በአንጻሩ ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው የናይል ትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ስድስት አገሮች አጽድቀውት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። ግብፅና ሱዳን የሉበትም። ሕጋዊ ድል ነው፤ ጉርብትና ግን በድምፅ ብልጫ ብቻ አይጸናም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጎርፍ በደረሰ ጊዜ ግብፅ ግድቡን ከሰሰች፤ ኢትዮጵያም ክሱን ውድቅ አደረገች። በእኔ እምነት እንዲህ ያለውን ክስ ከመግለጫ ይበልጥ የሚያከሽፈው በየዕለቱ የሚተላለፍ የውኃ መረጃ ነው። ከግድቡ የሚለቀቀው መጠን አስቀድሞ ለታችኛው ጎረቤት ቢነገር ሉዓላዊነታችን አይነካም፤ እንዲያውም ከሳሽ ምክንያት ያጣል። ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ የምንሸጠው ኤሌክትሪክም የዚሁ መንገድ አካል ነው። መብራቱ ከእኛ የሚመጣለት ጎረቤት በሰላማችን ላይ የራሱ ጥቅም ይኖረዋል። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ መሆኗ ይህንን ቢያከብደውም፣ ለሰላሟ ቀን ከአሁኑ መዘጋጀት ይገባል።

ሁለተኛው ሥራ እቤታችን ነው። “ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል” ይባል ነበር። ዛሬ ማደሪያ አግኝቷል፤ ይዞት የሚመጣው ግን ግንድ ብቻ ሳይሆን የገበሬው አፈር ነው። ቀድሞ የሱዳንን ግድቦች ይሞላ የነበረው ደለል አሁን የሚያርፈው በእኛው ሐይቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቦረና እርከን፣ የተራቆተው ተዳፋት፣ ተከልሎ የቀረው የደንቆሮ ጫካ የግድቡ ዕድሜ ጉዳዮች ናቸው። እርከን የሚሠራው ደግሞ ገበሬው ያለ ስጋት ማሳው ሲውል ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግጭት በበረታበት የአማራ ክልል ይህ ቀላል አይደለም።

ከጎረቤት ጋር በልበ ሙሉነት ለመደራደር መጀመሪያ እቤት ውስጥ መደራደር ያስፈልጋል። በላይኛው ተፋሰስ ሰላም ከሌለ ለታችኛው የምንሰጠው ዋስትና ሚዛን አይደፋም። መካነ ሰላም ስሟን የሆነች ቀን የዓባይ ድርድራችንም ይጠነክራል።