ደንገልም ይተከላል

የዛሬው ንባባችን ስለ ደንገል ነው። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ደ፣ ን፣ ገ፣ ል። ደንገል ሌላ፣ ድንግል ሌላ። የሚለያቸው የሁለት ፊደላት ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ አይቸኩል።

ባለፈው ሳምንት «በሚቀጥለው ጊዜ ደንገል እንዴት እንደሚተከል እናነባለን» ብለን ስንናገር፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ደንገል እኮ እግዜር የተከለው ነው። ጤፍ አይደል፣ ዳጉሳ አይደል። ማን ይተክለዋል?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ አብሮ ሳቀ። እውነታቸውን ነው። በአባቶቻችን ዘመን ደንገል የሚተክል ሰው አልነበረም፤ መትከልም አላስፈለገም። እኛም መልሰን ጠየቅናቸው። «አባባ፣ በልጅነትዎ ደንገል የነበረበት ቦታ ዛሬ ምን አለበት?» ትንሽ ዝም አሉና «ሽንብራ» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሽንብራ መጥፎ ነው ልንል አይደለም። ሽንብራው ግን በየዓመቱ ይዘራል፣ በየዓመቱ ይታጨዳል። ደንገሉ ከሥሩ ከተነቀለ ማንም ካልተከለው አይመለስም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ተክሉን ጠጋ ብለን እንየው።

ደንገል የቄጠማ ዘመድ ነው። አገዳውን በጣታችሁ ዳስሱት። ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን አለው። አገዳው ላይ ቅጠል የለም። ጫፉ ላይ ግን እንደ ተበተነ ፀጉር ያለ ቁንጮ አለው። ቁመቱ ከሰው ቁመት እጥፍ ይበልጣል፤ 4 ወይም 5 ሜትር የሚደርስም አለ። ልጡ ሲላጥ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፤ አየር ሞልቶታል። ታንኳን ውኃ ላይ የሚያንሳፍፋት ይኸው አየር ነው።

ዋናው ነገር ግን ከጭቃው ውስጥ ነው። የደንገል ሥር ዝንጅብል ይመስላል። ወፍራም ነው፤ ተጋድሞ ይሄዳል፤ እየሄደም ወደ ላይ አዲስ አገዳ ያወጣል። አንዱ አገዳ በወራት ውስጥ ያድጋል፣ ይበስላል፣ ይደርቃል። ሥሩ ግን ይኖራል። እንግዲህ ሥሩን እንደ ላም፣ አገዳውን እንደ ወተት ቁጠሩት። ማጭድ ወተቱን ያልባል። ማረሻ ግን ላሚቱን ያርዳል።

ጣና ዳር ላሚቱ ብዙ ጊዜ ታርዳለች። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ በባሕር ዳር አጠገብ ጨረጨራ ላይ፣ ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። ከዚያ በኋላ የሐይቁ መውጣትና መውረድ እንደ ድሮው አልሆነም። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡም አነሰ፤ ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውኃም ብዙ ነበር። ሐይቁ እጅግ ወረደ። መርከቦች እስከ መቆም ደረሱ። ውኃው ሲሸሽ ደንገሉ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። ሰው ባሕር ሸሹን መሬት አረሰው። በሬ ሲገባ ሥሩ ተገለበጠ፤ ፀሐይም ጨረሰው። ውኃው ሲመለስ ደንገሉ አልተመለሰም።

ማን ተጎዳ? መጀመሪያ የተጎዱት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። ታንኳ መሥራት የእነሱ ጥበብ ነው፤ የደንገሉን መብሰል ከሩቅ አይተው የሚያውቁም እነሱ ናቸው። ታንኳ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርታ አትቀመጥም። ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥታ ትደርቃለች፤ ቆይታም ትበሰብሳለችና በሌላ ትተካለች። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ሁልጊዜ አዲስ ደንገል ይፈልጋል። ደንገሉ ሲርቅ መንገዱ ይረዝማል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ዓሣ አጥማጁም አብሮ ይጎዳል። ትናንሾቹ ዓሦች ከትልልቆቹ የሚሸሸጉት ደንገሉ መሀል ነውና። አራሹም ቢሆን አልተረፈም። ርብና ጉማራ በክረምት አፈር ተሸክመው ይመጣሉ። ደንገል ካለ ውኃውን ያዘገየዋል፤ አፈሩም እዚያው ይቀራል። ደንገል ከሌለ አፈሩ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

መሬት የጠበበውን ሰው «ባሕር ሸሽህን ተው» ማለት ቀላል አይደለም። እኛም አንለውም። የምንለው ይሄን ነው። ከውኃው ጠርዝ ጋር የተያያዘችው የመጨረሻዋ ቁራጭ መሬት ብዙ ጊዜ ሰብሉ ሳይደርስ ውኃ የሚበላት ናት። እሷን ለደንገል ተዉለት። ጎረቤታሞች ተስማምተው አንድ ላይ ቢተዉት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። አንዱ ተክሎ ሌላው በሬ ቢነዳበት ግን ልፋት ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ተከላው። ጊዜው መጋቢትና ሚያዝያ ይሁን። ለምን? ጣና በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ እስከ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ እየወረደ ይሄዳል። በመጋቢት ተከላው ከተጀመረ ክረምቱ ውኃውን ሳያመጣ በፊት ደንገሉ ወደ ላይ ለማደግ ጊዜ ያገኛል። ሰኔ መጨረሻ የተተከለው ግን ገና ክንድ ሳይሞላ ውኃው ይውጠዋል።

ቦታው እግር የሚሰምጥበት ጭቃ ይሁን። በበጋ ተሰነጣጥቆ የሚደርቅ መሬት አይሆንም። ማዕበል በቀጥታ የሚመታውም አይሆንም፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ነፋስ የተከለለ ዳር ምረጡ። ፀሐይም በደንብ ያግኘው። ደንገል የዛፍ ጥላ አይወድም። ሐይቅ የራቃችሁም ረግረግ ወይም ዝግ ብሎ የሚሄድ ወንዝ ካላችሁ ትችላላችሁ። የመስኖ ቦይ ውስጥ ግን አትትከሉ፤ ቦዩን ይዘጋዋል። የመጠጥ ምንጭ ዓይን ላይም እንደዚሁ።

ሥሩን ከየት እናምጣ? ጥቅጥቅ ብሎ ከበቀለ ደንገል፣ ያውም ከዳሩ። ከመሀሉ አትቆፍሩ፤ ቀዳዳ ከተከፈተ ማዕበል ይገባበታል። በዶማ ጭቃውን ገለጥ አድርጉና አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ሥር በስለት ቁረጡ። ቁራጩ ሁለት ወይም ሦስት አገዳ የያዘ ይሁን። ጫፉ ላይ ሹል፣ ለመውጣት የተዘጋጀ እንቡጥ ይኑረው። እንቡጥ የሌለው ሥር ብትተክሉት አትመኑት። የበሰሉትን ረጃጅም አገዳዎች በጉልበት ቁመት ልክ ቁረጧቸው፤ አለበለዚያ ነፋስ ይዞ ሥሩን ይነቅለዋል። ለጋዎቹን አትንኩ። ቁራጩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን ትከሉ። ፀሐይ ላይ ያደረ ሥር ከንቱ ነው።

ሲተከል ሥሩ እንደነበረው ይጋደም። ጥልቀቱ ከሦስት ወይም ከአራት ጣት አይብለጥ። ብዙ ሰው አጥብቆ ለመትከል ብሎ በጥልቀት ይቀብረዋል፤ ይበሰብሳል። እንዳይንሳፈፍ ከፈራችሁ ባላ እንጨት ገልብጣችሁ ሥሩ ላይ ትከሉ፤ ችካል ማለት ነው። በአንዱና በሌላው መካከል አንድ እርምጃ ይበቃል። ክፍቱን ቦታ ሥሩ ራሱ እየሄደ ይሞላዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጤና አንድ ነገር እንበል። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው የሚተላለፈው ጥልቀት በሌለው ውኃ ዳር፣ ቀንድ አውጣ ባለበት ነው። ሰው ባዶ እግሩን ውኃ ውስጥ ሲቆም ትሉ በቆዳው ይገባል። ቦቲ ጫማ ያለው ቦቲውን ያድርግ። የሌለው ከውኃው ወጣ ባለው ጭቃ ላይ ይትከል፤ ውኃ ውስጥ ቆሞ አይዋል። ሆዱን የሚቆርጠውና ሰገራው ደም የሚቀላቅል ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒት አለው።

የመጀመሪያው ዓመት የጥበቃ ዓመት ነው። ከብት ለጋውን አገዳ ይወደዋል፤ ከበላው ይልቅ የረገጠው ይበዛል። አጥር ወይም ተረኛ እረኛ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጠላት እምቦጭ ነው። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን አስቸግሯል። ነፋስ እየነዳ አምጥቶ አዲሱ ደንገል ላይ ይከምረዋል። በእጃችሁ ልቀሙት፤ ለቅማችሁም ወደ ውኃው መልሳችሁ አትጣሉት፤ ከዳር ርቆ ይድረቅ። ስትለቅሙ ደንገሉን አብራችሁ እንዳትነቅሉ።

አባታችን «ማን ይተክለዋል?» ብለው ነበር። የተከሉት አሉ። በጥንት ዘመን ግብፆች ደንገልን ወረቀት ያደርጉት ነበር። ውስጡን በስሱ ሰንጥቀው፣ አንዱን ድርብ ቁልቁል ሌላውን አግድም አንጥፈው፣ ቀጥቅጠው፣ ተጭነው ያደርቁታል። በላዩም ይጽፋሉ። በኋላ ሌላ ወረቀት መጣ፤ ደንገል የሚንከባከብ ጠፋ፤ በአገሩም ደንገሉ ራሱ ሊጠፋ ደረሰ። በ1960ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው፣ ሐሰን ራጋብ የተባሉ ግብፃዊ መሐንዲስ ከሱዳን ሥር አስመጥተው እንደገና አስተከሉት። ሥሩ ያዘ፤ ተባዛ። ያ ሁሉ ደንገል የነበረበት አገር ሥር ከጎረቤት ለመነ ማለት ነው። እኛ ገና ሥሩ በእጃችን አለ።

የጣና ደንገል ደግሞ የዋዛ አይደለም። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌያዊ ከጣና ደንገል አስቆርጦ ወደ ግብፅ አስጫነ። ከቻድ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች «ራ» የምትባል ትልቅ ጀልባ ሠሩለት። ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክ የሚባለውን ውቅያኖስ ሊያቋርጥባት ሞከረ፤ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጀልባዋ ተበታተነች። ተስፋ አልቆረጠም። በ1962 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደንገል ሁለተኛ ጀልባ አሠራ። እሷን የሠሯት ደግሞ ከቦሊቪያ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። በ57 ቀን ውቅያኖሱን ተሻግራ ባርባዶስ የምትባል ደሴት ደረሰች። ይህንን በክፍል ስናነብ አንዲት እናት «ታዲያ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር መምጣት ምን ይገርማል!» ብለው አሳቁን።

አሁን አቆራረጡን እንይ፤ ብዙ ደንገል የሚጠፋው በአቆራረጥም ነውና። የበሰለ አገዳ ቁንጮው አረንጓዴነቱን ትቶ ወደ ቡናማ መሄድ ይጀምራል። የሚቆረጠው እሱ ነው። ቁንጮው ገና ተጠቅልሎ ያለውን እለፉት። ማጭዱ የተሳለ ይሁን፤ ደነዝ ማጭድ አገዳውን ይጎትትና ሥሩን ያናጋል። ከውኃው በላይ ቁረጡ። አገዳው ውስጥ ያለው አየር እስከ ሥሩ ይወርዳል። ጉቶው ውኃ ውስጥ ከተዋጠ ሥሩ አየር ያጥረዋል። ውኃው ሊሞላ በተቃረበበት በሐምሌ መቁረጥ የማይመከረውም ለዚሁ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጨዱ። ደንገሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ዘንድሮ አንዱን፣ ለከርሞ ሌላውን። የተቆረጠው በደንብ እስኪመለስ ዓመት ይጠብቅ። ከዓመት በፊት ደጋግሞ መቁረጥ ሥሩን ያከሳዋል፤ አገዳውም እየቀጠነ ይሄዳል፤ ቀጭን አገዳ ደግሞ ለታንኳ አይሆንም። ወደ ሐይቁ በኩል ያለውን ዳር ግን ዘንድሮም ለከርሞም አትንኩት፤ ማዕበሉን የሚመልሰው እሱ ነው። ደረቁን ለማጽዳት እሳት የሚለቁም አሉ። ጭቃው እርጥብ ከሆነ ሥሩ ሊተርፍ ይችላል። በበጋ ደረቅ ላይ ግን እሳቱ ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ሥሩን ይበላዋል፤ የወፎቹም ጎጆ አብሮ ይነዳል። ደረቁን በማጭድ አውጥታችሁ ማገዶ ብታደርጉት ይሻላል።

ለመጋቢት ከአሁኑ ደብተር አዘጋጁ። የተከላችሁበትን ቀን ጻፉ። የሥሩን ቁጥር ጻፉ። እንደዚህ፦ መጋቢት 12፣ 20 ሥር፣ ከዋርካው በታች። ግንቦት መጨረሻ ሄዳችሁ አዲስ አገዳ ያወጣውን ቁጠሩና ከጎኑ ጻፉ። ጥቅምት ላይ ውኃው ሲሞላም እንደገና ቁጠሩ። ከ20ው 12 ወይም 13 ተርፎ ከሆነ የጎደለውን በሚቀጥለው መጋቢት ትሞላላችሁ። ከ5 በታች ከሆነ ግን ቦታው አልተስማማውም፤ ሌላ ዳር ፈልጉ።